ቢጫው መቀርቀሪያ

በዘምባር መንግሥት፣ ባሕርና ሰማይ በጉም ውስጥ በሚቀላቀሉበት ዳርቻ፣ አንድ ማለዳ የታላቁ በር መቀርቀሪያ አለቀሰ። ከሰማያዊው ብረት ላይ ቀይ ዕንባ እየተንጠባጠበ የድንጋዩን ደረጃ አቀላው። ያዩት ጠባቂዎች ጦራቸውን ጥለው ተንበረከኩ፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዘምባር የማያውቅ አልነበረምና።

ከበሩ ማዶ ልሳነ ጨው ይኖራል። ጉም የለበሰ፣ ከምላሱ በቀር ምንም የማይታይ አውሬ ነው። ማዕበል በመጣ ቁጥር አብሮ ይመጣና መቀርቀሪያውን በአሸዋ እየፈገፈገ ይልሰዋል። አሸዋው ብረቱን ይበላዋል፤ ጨው ያዝገዋል። ሁለቱ ተባብረው የማይጨርሱት ብረት በዘምባር ተሠርቶ አያውቅም፤ ብረቱ አልቆ በሩ ከተከፈተ ደግሞ አውሬው ወደ ዘምባር ይገባል።

መቀርቀሪያ ባለቀሰ ጊዜ በሩን የሚደግፈው መቀርቀሪያውን የሠራው አንጥረኛ ነው። ማንም አላዘዘውም፤ በሩ ራሱ ከዚያ ሰው ትከሻ በቀር ሌላ አይቀበልም። አንድ ጭፍራ ሙሉ ቢደገፈው ይከፈታል፤ አንጥረኛው ሲደገፈው ግን ጸጥ ይላል። ስለዚህ የቤተ መንግሥቱ አንጥረኛ ሰልቃን ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ሄዶ ትከሻውን ሰጠ። ማዕበል በመጣ ቁጥር በስንጥቁ የሚገባው ጨው ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ ይጋገርበታል። ከልብ በታች የቆመ ጨው በምንጭ ውኃ ይሟሟል። ልብ የነካ ግን አይመለስም።

ሴት ልጁ ናርዳ ወናፍ እየነፋች ያደገች፣ ገና በወጣትነቷ መዶሻ የለመደች ነበረች። አባቷ ፊት ቆማ መዶሻዋን ወደ ላይ አነሣች።

«አባዬ፣ በዚህ መዶሻ እምላለሁ! ደብረ ኮከብ ወጥቼ ኮከብ የወደቀበትን ብረት አመጣለሁ። ጨው ልብዎ ሳይደርስ አዲስ መቀርቀሪያ በዚህ በር ላይ ይገባል!»

«መሐላውስ ጥሩ ነው» አለ ሰልቃን ግንባሩ ከበሩ እንደተጣበቀ። «ብቻ ጉጠቱን እንዳትረሺው።»

አብሯት የሄደው ከሰል አክሳዩ ጉልቦ ነበር፤ ከአባቷ ጋር ያረጀ፣ ከጥርሱ በቀር ነጭ ነገር የሌለው ሰው። «እኔ ለጀግንነት አልተፈጠርኩም» አለ ጆንያውን እየተሸከመ፤ «ግን ያለ እኔ ከሰል ብረቱን በምን ልታግይው ነው፣ በመሐላሽ?» ሦስተኛዋ ፍሕምት ነበረች። ፍሕምት በምድጃቸው ውስጥ የምትኖር፣ ፍም የምትለቅም ወፍ ናት። አመሏ ክፉ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ካየች ትሰርቃለች።

መንገዱ በእንቅልፍ ሸለቆ ያልፋል። በዚያ ሸለቆ ነፋሱ ለስላሳ ነው፤ ሣሩም እስከ ወገብ ደርሶ ያለ ድምፅ ይወዛወዛል። የገባ ሰው እየተራመደ ያልማል። ከሣሩ ሥር የተኙ ሰዎች ነበሩ፣ ፊታቸው ፈገግ ያለ፣ በጢማቸው መካከል አበባ የበቀለባቸው። ናርዳ ስትራመድ የአባቷ ምድጃ ድንገት ፊቷ ተገኘ። ሰልቃን በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በእግሩ ላይ ቅንጣት ጨው የለም። «መጣሽ? በይ ዕረፊ፣ ሁሉም አልቋል» አላት። እንዴት ደስ አላት! ጉልበቷ እየታጠፈ፣ ሣሩ እየተቀበላት ሳለ ፍሕምት ጆሮዋን በጋለ ምንቃሯ ነከሰቻት። ናርዳ ጮኸችና ነቃች። ጉልቦን በጉጠቱ አፍንጫውን ይዛ ጎትታ አወጣችው፤ እሱም የሚያምር ሕልሙን ስላቋረጠችው ተራራው ጫፍ እስኪደርሱ አኮረፋት።

ደብረ ኮከብ ላይ ምድሩ በቀን እንኳ ያበራል። ኮከቡ ሲወድቅ ተሰባብሮ አቧራው ከብረት ድንጋዩ ጋር ተዋሕዷል። የቻሉትን ያህል ተሸክመው ተመለሱ።

ሲደርሱ ጨው የሰልቃንን ደረት ይዞ ነበር። ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። ናርዳ አላለቀሰችም፤ ጊዜ አልነበራትም። ከበሩ አጠገብ ባለው በአባቷ ምድጃ ድንጋዩን አቀለጠች፤ ብረቱን ቀጥቅጣ መቀርቀሪያ አደረገችው። እንደ ልማዱም ከጫፉ ሁለት ቁራጭ ቆረጠች፤ አንዱ ለንግሥቲቱ፣ አንዱ ለአንጥረኛው የሚቀመጥ ነው። ሁሉንም አብራ የኮከቡ አቧራ በብረቱ ውስጥ እስኪሟሟ ድረስ አጋለችና በአንድ ጊዜ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከረችው። ብረቱ ጠነከረ፤ ነገር ግን እንዲህ እንዳለ ቢመታ ይሰበራል። ስለዚህ ወልውላ በፍም ላይ እንደገና ታሞቀው ጀመር።

ብረት እንዲህ ሲሞቅ ቀለሙን ይለውጣል። በመጀመሪያ እንደ ገለባ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ቆይቶም ሰማያዊ። በዘምባር ሰማያዊ የነገሥታት ቀለም ነው፤ ቢጫ ደግሞ የሐዘን። ቢጫ የሚለበሰው ለቀብር ብቻ ነው። እንግዲህ ቢጫ ብረት ለቤተ መንግሥት የሚያቀርብ ማን ይኖራል? ትውልድ ሁሉ መቀርቀሪያውን ሰማያዊ እስኪሆን አቆየው፤ አምሮ ወጣ፤ አምሮም ዛገ። ናርዳም እንዲሁ አደረገች። ቁራጮቹ ቢጫ በሆኑ ጊዜ ግን ፍሕምት አንዱን ነጥቃ በረረች፤ ሥራ የያዘችው ናርዳም ከስድብ በቀር የምታደርገው አልነበራትም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ባለ ሰማያዊ ካባዎቹ የንግሥቲቱ ሰዎች መቀርቀሪያውን ሊያነሡ ሲመጡ፣ የናርዳ ዐይን መስኮቱ ላይ ዐረፈ። ፍሕምት የሰረቀችውን ቢጫ ቁራጭ ናርዳ ካኖረችው ሰማያዊ ቁራጭ አጠገብ ጥላዋለች። ሲነጋ ጉም በበሩ ስንጥቅ ሾልኮ እስከ መስኮቱ ደርሶ፣ የልሳነ ጨው ምላስ ሁለቱንም ነክቷቸዋል። ሰማያዊው ቀይ ዕንባ ያነባል። ቢጫው ንጹሕ ነው።

ብረት የሚፍቀውን ሞርድ አነሣች። ሰማያዊውን ነከሰው። ቢጫው ላይ ግን ተንሸራተተ።

ያን ጊዜ ገባት። እሳት ሲበዛበት የኮከቡ አቧራ ከብረቱ እየወጣ በየጥጉ ይሰበሰባል፤ የቀረው ብረት ራቁቱን ይቀራል። ጨውም በዚያ ይገባል። ያማረው ቀለም በሽታው ነበር። ወደ በሩ ሮጠች።

«አባዬ፣ ሰማያዊው ዝግጁ ነው። አሁን ባስገባው እርስዎ ዛሬውኑ ከዚህ ይወጣሉ። ግን ያለቅሳል፤ ሲያለቅስም በተራዬ እዚህ የምቆመው እኔ ነኝ፣ ከእኔም በኋላ ሌላው። እንደገና አግዬ ቢጫ ላደርገው እችላለሁ፤ ግን ማዕበሉ ይቀድመኛል።»

ሰልቃን በደረቀ ከንፈሩ ጠየቃት፤ «ሞርድ ይይዘዋል?»

«ሰማያዊውን ይይዘዋል። በቢጫው ላይ ይንሸራተታል።»

«ታዲያ እዚህ ቆመሽ ምን ታወሪያለሽ? ሂጂ እንጂ!»

«አባዬ፣ አልችልም።»

«ልጄ» አለ፣ ድምፁ ረጋ ብሎ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሚያለቅስ ብረት ሠራሁ። አንቺ የማያለቅሰውን ሥሪ። እኔ እይዘዋለሁ።»

ናርዳ የጨው ቅርፊት የሸፈነውን እጁን ሳመች። ስትዞር ንግሥት እልፍያ ከሰዎቿ ጋር መንገዱ ላይ ቆማለች።

«በመንግሥቴ በር ላይ የሐዘን ቀለም?» አለች ንግሥቲቱ። «ሕዝቤ ምን ይላል?»

«ንግሥት ሆይ፣ በሕይወት ካለ የፈለገውን ይላል» አለች ናርዳ፤ ሁለቱንም ቁራጮች በመዳፏ ዘርግታ አሳየቻት። ንግሥቲቱ ቀዩን ዕንባ በጣቷ ነካች። ጣቷን አየችና ከመንገዱ ገለል አለች።

ጉልቦ የቀረውን ከሰል ሁሉ አፈሰሰ። ንግሥቲቱ ራሷ ካባዋን ጥላ ወናፉን ነፋች። ብረቱ ጋለ፣ ውኃ ገባ፣ ተወለወለ። ናርዳ በፍሙ ላይ ይዛው ዐይኗን ሳትነቅል ቀለሙን ጠበቀች። ከውጭ የማዕበሉ ድምፅ እየቀረበ ነበር። ገለባማው ቢጫ ብቅ ሲል በጉጠቱ ነጥቃ ሮጠች።

ማዕበሉ ደርሶ ነበር። ልሳነ ጨው በስንጥቁ ምላሱን አስገብቶ ያቃስታል፤ በሩ ግን የጣት ያህል እንኳ አልተከፈተም። ናርዳ መቀርቀሪያውን በአባቷ ራስ ላይ አሳልፋ ወደ ቀዳዳው ገፋችው። ገባ። አውሬው አንድ ጊዜ ላሰው፤ ደግሞ ላሰው፤ አሸዋውን አምጥቶ ፈገፈገው። ምንም ያገኘው የለም። ጉሙ በቀስታ ወደ ባሕሩ ተመለሰ፤ ዘምባር ከተቆረቆረች ጀምሮ ያልታየችው ፀሐይ በውኃው ላይ ወጣች።

«አባዬ፣ በቃ፤ ይልቀቁት!» አለች።

ሰልቃን አልለቀቀም። ትከሻው በሩ ላይ እንዳለ፣ ከእግሩ እስከ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ቆሟል። ጉልቦ የምንጭ ውኃ ይዞ መጣና ሳያፈስሰው መሬት ላይ አኖረው። ንግሥት እልፍያ ቢጫ ነጠላ አስመጥታ ለበሰች፤ ንግሥት ቢጫ የለበሰችለት አንጥረኛ ከእሱ በፊት አልነበረም።

አሁን ወደ ዘምባር የሚሄድ ሰው ያን በር ያያል። ነጩ ሰው ዛሬም ተደግፎታል፤ ከራሱ በላይ ገለባ የመሰለው ብረት ያበራል። ናርዳ በየማለዳው በጨርቅ ትወለውለዋለች፤ ቀይ ነገር ትፈልጋለች፣ ጨርቋ ግን ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። ከዚያ በዚያው ጨርቅ ዐይኗን ትጠርጋለች። መቀርቀሪያው አያለቅስም፤ እሷ ታለቅስለታለች።