ግማሹን የደበቀው ዲስክ

ባለ ስቱዲዮው የተገኘው ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ሥር በደረቱ ተደፍቶ ነው። ማጅራቱን የመታው የብረት የካሜራ እግር አጠገቡ ወድቋል። ስምንት ሰዓት ላይ ወንድሙ ሊጠይቀው መጥቶ አገኘውና ለፖሊስ ደወለ። መርማሪዋ ስትደርስ በር ላይ ጣቱን ቀስሮ ጠበቃት።

«ገዳይ ፍለጋ አትድከሚ! የገዛ ልጁ ናት። ጠዋት ስትጮኽበት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

መርማሪዋ ለፍርድ የሚቸኩል ሰው አትወድም። ጓንቷን አጥልቃ የጠቆረውን ስክሪን አበራች፤ ስለ ዲስኩ የሚያሳየውን ገጽ አይታ መልሳ አጠፋችው። ያየችውን ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ሟቹ በመጨረሻ ወደደወለላቸው ሁለት ሴቶች ደወለች። አለቃዋ ደግሞ ልጅቱን እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይዛ እንድትመጣ አዟታል።

ልጅቱ የአባቷን ቪዲዮዎች የምታቀናብር ናት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፤ ምላሷ ግን አልታጠፈም።

«አዎ፣ አራት ሰዓት ላይ ተጣልተን ወጣሁ። ዲስኩ የሚይዘው አራት ቴራባይት ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሁለቱን ብቻ ነው። መጀመሪያ በድሮው ዘዴ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ያ ዘዴ ከሁለት ቴራ በላይ መቁጠር አይችልም። ሞልቶ ሥራ አስቆመን። ሙሉውን እንዲያሳይ ተደምስሶ እንደ አዲስ ይዘጋጅ አልኩት። እምቢ አለ፤ የዕድሜ ልክ ሥራው ያለው እዚያ ብቻ ነው።»

«አንቺስ?»

«ካልደመሰስከው እኔ እደመስሰዋለሁ አልኩት።» ድምጿ ተሰበረ። «የመጨረሻ ቃሌ ይኼ ሆነ።»

«ማዘጋጀቱን ትችያለሽ?»

«አልችልም። ያኔም ያዘጋጀው መፍትሔ ነው።»

መፍትሔ ሰፈሩ ለኮምፒውተርና ስልክ ጠጋኙ ያወጣለት ስም ነው። የጀመረውን ሳይጨርስ ምሳ አይበላም ይሉታል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቁ ውስጥ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተቀበላት።

«እዚያ ቤት ከወር በላይ አልረገጥኩም። የቤተሰብ ጠብ ውስጥ አታስገቡኝ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዘመዳሞቹ ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ቆሙ። ስክሪኑ እንደጠፋ ነው።

«ይኼ ዲስክ ስንት ያሳያል?» አለች መርማሪዋ ወደ ልጅቱ አጎት ዞራ።

«ሁለት። ወንድሜ ሲያማርር ነው የኖረው።»

«ሁለት ነው አልኩ እኮ!» አለች ልጅቱ።

መርማሪዋ ወደ ጠጋኙ ዞረች። «ሰማህ? የአራት ቴራ ዲስክ ግማሹን ውጦ ቁጭ ብሏል። መፍትሔ ያሉህ ለሹፈት ነው መሰለኝ።»

«ድሮም ግማሽ ሠሪ ነው!» አለ አጎትየው።

የጠጋኙ ጆሮ ቀላ። «ግማሽ ሥራ የኔ አይደለም! ይከፈትና ይታይ! አራቱንም ቁልጭ አድርጎ ያሳያል!»

ልጅቱ ከሁሉም ቀድማ ገባት።

«አራት ካሳየማ ተደምስሷል! የአባቴን ሥራ!» ብላ ዘላ ስትይዘው አጎቷ እንደምንም አላቀቃት።

መርማሪዋ ስክሪኑን አበራች። አራት ቴራ፣ ባዶ።

«ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጠዋት ሁለት ቴራ ነበር፤ አስከሬኑ ሲገኝ አራት ሆኗል። ከወር በላይ እዚህ ያልረገጠ ሰው ከየት አወቀ?»

ጠጋኙ ወደ በሩ ሲያፈገፍግ ሁለት ፖሊሶች መንገዱን ዘጉበት።

«መጀመሪያ የጠረጠርኩት ልጅቱን ነው፤ እደመስሳለሁ ብላለችና። ግን አንድ ነገር ሊዋጥልኝ አልቻለም። በንዴት የገደለ ሰው ደምስሶ ይሮጣል። ይኼኛው ግን ሬሳ እግሩ ሥር እያለ ዲስኩን በአዲሱ ዘዴ አዘጋጅቶ ነው የሄደው። እሷ ደግሞ አትችልበትም። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ነገሩኝ፤ ለጥገና ከሰጡህ ስልክ የግል ፎቶዎቻቸውን ቀድተህ ስታስፈራራቸው ኖረሃል። ባለ ስቱዲዮው ቃላቸውን ቀርጾ ነገ ሊከስህ ነበር። ለመንከው፣ እምቢ አለህ፣ መታኸው። የቀረጸውንም ደመሰስክ። እዚያ ላይ ብታቆም ልጅቱን ይዤ እሄድ ነበር። የድሮ ስህተትህ ግን ዓይንህን ወጋው፤ ሳታርመው መውጣት አቃተህ።»

«ልጄ...» አለ አጎትየው አንገቱን ደፍቶ።

«ልጄ አትበለኝ!» አለች ልጅቱ።

ፖሊሶቹ ካቴና ሲያስገቡለት ልጅቱ ጠጋኙ ፊት ቆመች።

«የአባቴ ሥራ ይመለሳል?»

ሌላ የሚያውቅ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። እውነቱን ቢናገር የሴቶቹ ቃል ተመልሶ ይመሰክርበታል፤ አይመለስም ቢል እሷ ታምነዋለች። ስለ ሥራው ግን ዋሽቶ አያውቅም።

«ይመለሳል» አለ በጥርሱ መካከል። «የጠፋው የፋይሎቹ ማውጫ ነው። አዲስ ነገር ካልተጻፈበት ሁሉም እዚያው አለ።»

አላመሰገነችውም። አባቷ ወድቆበት የነበረው ቦታ ላይ ተንበርክካ የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች፤ የገመዱንም ጫፍ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ አለቀሰች።