ቺንጊያው ሲቆም

በአቶ ግደይ የእንጨት ሥራ ቤት «በቃ» እንደ ዋዛ አይባልም። ሻይ የሚቀዳለት ሰው እንኳ ብርጭቆውን በመዳፉ ይከድናል እንጂ በቃኝ አይልም።

ቤቱ ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ነው። ወፍጮው ቀኑን ሙሉ ስለሚያጓራ የመጋዙ ማሽን መቆሙን በጆሮ መለየት አይቻልም። ስለዚህ አንድ ሰው ማጥፊያው ጋ ቆሞ፣ ከጠረጴዛው ሥር ሞተሩን ከመጋዙ ጋር የሚያያይዘውን ቺንጊያ ያያል። ቺንጊያው ቀጥ ሲል «በቃ!» ይላል። ከዚያ በፊት እንጨት አይነሣም። የአቶ ግደይ ሁለት ጣቶች የተቆረጡት ወንድማቸው ይህችን ቃል አንድ ትንፋሽ አስቀድሞ በመናገሩ ነው።

ካሣሁን ከምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ከተመለሰ ስምንት ወሩ ነው። ሦስት ካርቶን መጽሐፉ እንደታሸገ አልጋው ሥር ተቀምጧል። እናቱ «ልጄ፣ መጣህ ወይስ አልመጣህም?» ብትለው አፍሮ፣ መደርደሪያ ሊያሠራ መጣ። ማሽኑ ላይ ያገኛት የአቶ ግደይን ልጅ ወይኒን ነበር፤ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ ቅንድቧ ላይ ሰጋቱራ አርፎባት።

መደርደሪያ በሳምንት ያልቃል። እሱ ግን ከቢሮ በወጣ ቁጥር አንድ ጊዜ ቁመቱን፣ አንድ ጊዜ ቀለሙን ሊያስለውጥ እየመጣ ወር ሞላው።

«የጀርመኑ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ተቀየረ?»

«ምንም። ልይ ብዬ ነው።»

«ጣውላውን ነው?»

ወይኒ ሣቋን በእጇ ጀርባ ሸፈነችው።

አንድ ቀን ከሰዓት አቶ ግደይ ለቀበሌ ስብሰባ ተጠሩ። ወይኒ ለካሣሁን ማጥፊያውን አሳየችው።

«ዛሬ አንተ ትቆማለህ። የመደርደሪያህ ጣውላ የሚሰካበትን ቦይ ነው የማወጣው። ቦይ ሲወጣ መከለያው ይነሣል፤ ጥርሱም ጣውላው ሥር ስለሚደበቅ አይታይም። የማይታየው ነው የሚያስፈራው።» እጀታ ያለውን መግፊያ እንጨት አነሣች። «በእጄ አልገፋም፣ በዚህ ነው። ከጣውላው ኋላም አልቆምም፤ ጥርሱ ከያዘው ይወረውረዋል። አንተ ቺንጊያውን እይ።»

«እሺ።»

«እኔን ሳይሆን ቺንጊያውን!»

ሁለት ቦይ በሰላም ወጣ። ሦስተኛው መሐል ላይ ጉጥ አጋጥሞት ተነቀነቀ። ወይኒ ጣውላውን በመግፊያው ተጭና በአገጯ ምልክት ሰጠችው። አጠፋ። ቺንጊያው ግን ገና ይዞር ነበር። ካሣሁን መጠበቅ አልሆነለትም። ሦስት ቀን ሙሉ የደበቀውን ተናገረ።

«ወይኒ፣ ከበርሊን ደብዳቤ መጥቶልኛል። ተመለስና ትምህርትህን ቀጥል ብለውኛል። መደርደሪያው ይቅር፣ ከጣውላው ሣጥን ሥሪልኝ።»

ፊቷ ተለወጠ። «መቼ ወሰንክ?»

«መቼ ወሰንኩ! እዚያ ሆኜ እዚህ፣ እዚህ ሆኜ እዚያ… ሰለቸኝ፤ በቃ!»

ወይኒ ለዓመታት እንደለመደችው ጣውላውን አነሣች።

ጣውላው ከእጇ ተፈትልኮ በጎኗ አለፈና በሩን መታው። ጥርሱ መግፊያውን ገምጦ ከእጀታው በታች ቆመ። ጣቶቿ እጀታው ላይ ነበሩ፤ አምስቱም።

«በቃ አልክ» አለች በሹክሹክታ።

«ለሌላ ነገር ነው ያልኩት።»

«እዚህ ቤት ለሌላ ነገር አይባልም።»

አቶ ግደይ ሲመለሱ መግፊያውን አንሥተው አገላበጡት። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሄን ምን ነከሰው?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ። ቸኩዬ…»

«እኔ ነኝ» አለ ካሣሁን። «ቺንጊያው ሳይቆም በቃ አልኩ።»

ሽማግሌው ሦስት ጣት ብቻ የቀረውን እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ሂድ፣ ልጄ። ወንድሜንም ያኔ ሂድ ነው ያልኩት።»

ካሣሁን አራት ቀን ከፒያሳ ሥላሴ፣ ከሥላሴ ፒያሳ ተመላለሰ። ደብዳቤውን አውጥቶ ያነባል፣ መልሶ ይከተዋል። ቢሄድ እንደሚቆጨው ያውቃል፤ ቢቀርም ይቆጨው ይሆናል። አይኑን ሲጨፍን ግን የሚታየው በርሊን አልነበረም፤ ያ የተገመጠ እንጨት ነበር።

በአምስተኛው ቀን አንዱን ካርቶን ተሸክሞ ገባ።

«ምንድን ነው?» አሉ አቶ ግደይ።

«መጽሐፍ ነው። የመደርደሪያው ቁመት በትክክል እንዲለካ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ወይኒ ቀና አላለችም። አቶ ግደይ ካርቶኑን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ በአገጫቸው ማጥፊያውን አመለከቱት።

አዲስ ጣውላ ቀረበ። ወይኒ ቦዩን አወጣችና አገጯን ነቀነቀች። ካሣሁን አጥፍቶ ቁጢጥ አለ። ቺንጊያው ዞረ፣ ዞረ፣ ደከመው፣ ቀጥ አለ። እሱ አንድ ትንፋሽ ጨመረበት።

«በቃ።»

ጣውላውን አላነሣችም። «ምኑ?»

ይህ ጥያቄ በዚያ ቤት ተጠይቆ አያውቅም።

«መሄዱ።»

አቶ ግደይ በሩ ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወይኒ ጣውላውን አንሥታ በአውራ ጣቷ ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው።

«በል ሰጋቱራውን ጥረግ» አለችው። «ገና ሦስት ቦይ ይቀረናል።»