ከጅማ ደምቢ ዶሎ፣ በአየር

ጀቤሳ አምቦ ባለው ወፍጮ ቤቱ፣ ወፍጮው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። በዲጂኖ ከተፈለጠው ጭንቅላቱ የፈሰሰው ደም ከዱቄቱ ጋር ተቦክቶ ወለሉ ላይ እንደ ሊጥ ተጋግሯል። ኢንስፔክተር ኤቢሴ ሐሙስ ማታ አስከሬኑን ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ከወደቀ በኋላም ደጋግሞ መትቶታል» አለች። «ይሄ ሌባ አይደለም፤ የቆየ ቂም ነው።»

ሬሳውን ያገኘው የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ሌንጮ ነበር። የዚያኑ ዕለት ከጀቤሳ ጋር ስለ ተጣላ ሰፈሩ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም፤ ፖሊስ እስኪደርስ የፊት ጥርሶቹን አረገፈለት። ቅዳሜ፣ በቀብሩ ዕለት፣ ጎረምሶቹ ከቀብር መልስ ጣቢያውን ሰብረው ሌንጮን ሊጨርሱት ዝተዋል።

ኤቢሴ መጀመሪያ የሟችን ሸሪክ አሻግሬን ጠየቀች።

«ሐሙስ ጎጆ ከተማ ገብስ ስጭን ነበር። መኪናዬ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ከተማው ሁሉ ገፋልኝ፤ ሰደበኝም።»

ጎጆ ደውላ አጣራች። እየሳቁ መሰከሩለት።

ቀጥሎ የሟችን ታናሽ ወንድም ሞቲን ወደ ለቅሶው ድንኳን ጓሮ ወሰደችው። አርብ ማታ ከመኪና ሳይወርድ «ወንድሜን ገደሉብኝ!» እያለ ደረቱን ሲደቃ የገባው እሱ ነው።

«አባታችሁ ወንጪ የተወላችሁን መሬት ልትሸጥ ስትል ጀቤሳ እምቢ ብሎህ ነበር አሉ።»

«የወንድማማች ነገር ነው። ሐሙስ ጠዋት ጅማ ነበርኩ። ከዚያ በአውሮፕላን በቀጥታ ደምቢ ዶሎ ገብቼ አደርኩ። አርብ የተደወለልኝም እዚያው ነው።»

«በቀጥታ?»

ስልኩን አሳያት። «ይኸው፣ ሁለት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ። በአየር አርባ ደቂቃ ነው። እናንተ ከአውቶቡስ በቀር ምን ታውቃላችሁ!»

«እውነትህን ነው» አለች፣ ዓይኗን ከጫማው ሳታነሣ።

ቅዳሜ አስከሬኑ ሊነሣ ሲል ኤቢሴ ድንኳኑ መሃል ቆመች።

«ልጄ፣ ሬሳ እየጠበቀ ምን ዳኝነት ነው?» አሉ ኦቦ ከበበው፣ የሰፈሩ ሽማግሌ።

«ሌላ ሬሳ እንዳንጨምር ነው፣ ኦቦ። ካርታ ላይ ጅማና ደምቢ ዶሎ ጎረቤት ናቸው። ሁለቱም ኤርፖርት ደወልኩ፤ በመሃላቸው የሚበር አውሮፕላን የለም። መንገደኛው መጀመሪያ አዲስ አበባ ይወርዳል። ሞቲ አዲስ አበባን ለምን ደበቀ? ከዚያ አምቦ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንማ! ሐሙስ ቀትር ቦሌ ወረደ፣ ሲመሽ እዚህ ገደለ፣ ሌሊቱን ተመለሰ። ደምቢ ዶሎ የገባው አርብ ጠዋት ነው፤ የተሳፋሪዎቹን ስም አስነብቤያለሁ።»

«አዲስ አበባ ማደር ወንጀል ነው?» ጮኸ ሞቲ።

ኤቢሴ ወደ ሟች ሚስት ዞረች። «ሃዋኒ፣ ስትደውዪለት ምን አልሽው?»

«'ትንሽ አሞታል፣ ና' ነው ያልኩት። መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ?»

«ሽማግሌዎቹ ሊያረዱት ደጅ ቆመው ሲጠብቁት፣ እሱ 'ገደሉብኝ' እያለ ደረሰ። ታሟል የተባለ ሰው መገደሉን ማን ነገረው? ሞቲ፣ ጫማህን አውልቅ።»

ሞቲ የድንኳኑን ብረት ነቅሎ ሰነዘረ። የኤቢሴ ክንድ ሲሰበር ድምፁ ተሰማ። አሻግሬ ከኋላ ዘሎ ጣለውና ጫማውን መነጨቀ። ላዩ ተጠርጓል፤ ስፌቱ ውስጥ ግን በደም የተቦካ ዱቄት ደርቋል።

ጎረምሶቹ ድንጋያቸውን አንሥተው ወደ ሞቲ ዞሩ።

«ጣሉ!» አለች ኤቢሴ የተሰበረ ክንዷን አቅፋ። «ሐሙስም እርግጠኞች ነበራችሁ።»

ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ወደቁ። ሌንጮን ከጣቢያ ሲያመጡት ባበጠ አፉ ሃዋኒን ጠየቃት። «ልሸከመው?»

ሃዋኒ ከሳጥኑ ፊት የቆመውን ጎረምሳ ገፋ አደረገችው።

«ና፣ ከፊት ያዝ።»