ማራገቢያዎቹ የቆሙበት ጠዋት

ጠራጊው የተገኘው በዋሻው መንገድ መሀል፣ ከሦስተኛው ማራገቢያ ሥር ነው። መጥረጊያውን እንዳቀፈ በግንባሩ ተደፍቷል። መጥረጊያው ጫፍ ላይ ያሰራት ቀይ ጨርቅ ንቅንቅ አትልም። ንፋስ የለም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። ዋሻው በመኪና ጢም ብሏል። ጣሪያው ላይ ከተደረደሩት ማራገቢያዎች ግን አንድም የሚዞር አልነበረም።

ትንፋሹ አልተቋረጠም። ሐኪሙ ግን "ጭስ አፍኖታል። ይንቃ አይንቃ አላውቅም" አለ።

መርማሪዋ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ስትገባ ፊቷ ልክ አልነበረም። አለቃዋ መስኮት ያለውን ቢሮ ለእሷ ሳይሆን በቅርቡ ለመጣ ባልደረባዋ ሰጥቶባታል። "ምን ገዶኝ!" ትላለች። ያልገደደው ሰው ግን በዚያ በር በቀን ሦስቴ አይመላለስም።

ሦስት ሰዎች ይጠብቋታል፤ ዘበኛው፣ ወጣቷ መሐንዲስ እና ሠራተኛው ሁሉ "አባ ንፋስ" የሚላቸው አንጋፋ የማራገቢያ ባለሙያ።

"ማራገቢያውን ማን አጠፋው?"

"ማንም አላጠፋውም" አለች መሐንዲሷ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። "የሚያስነሳው እኔ የሠራሁት የኮምፒውተር ሞዴል ነው። መኪና ሲሮጥ አየሩን እየገፋ ይዞት ይወጣል። ሲጨናነቅ ግን የሚገፋው የለም፣ ጭሱ እዚያው ይተኛል። ስለዚህ የመኪኖቹ ፍጥነት በሰዓት ከሠላሳ ኪሎ ሜትር ሲወርድ ማራገቢያው ይነሳል።"

"ታዲያ ዛሬ?"

"ሠላሳ የሚለውን ትናንት ማታ አንድ ሰው አምስት አድርጎታል። አምስት እኮ የእግረኛ እርምጃ ነው! መኪኖቹ ደግሞ በስምንት ይሳቡ ነበር።"

"ካንቺ ሌላ ማን ሊነካው ይችላል?"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። "የይለፍ ቃሉን... ወረቀት ላይ ጽፌ እዚሁ ስክሪኑ ላይ ለጥፌዋለሁ።"

ይህን ሁሉ ተምሮ! መርማሪዋ በረጅሙ ተነፈሰች። "ሰውየው ከሞተ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ።"

"አውቃለሁ።"

ወደ ዘበኛው ዞረች። "ትናንት ከጠራጊው ጋር ተጣልታችኋል አሉ።"

"ቆሻሻውን ጫማዬ ላይ ነው የሚጠርገው፣ እመቤቴ! ሆን ብሎ! ግን ለጫማ ተብሎ ሰው ይገደላል? ኮምፒውተሩንስ እኔ በምን አውቄው? ማብሪያው የት እንዳለ እንኳ አላውቅም።"

እውነቱን ነበር። አቧራ ሲያራግፍ የኮምፒውተሩን ገመድ የነቀለ ጊዜ መልሶ መሰካት አቅቶት ሰው ጠርቷል።

ግድግዳው ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠ የመሐንዲሷ ፎቶ ተለጥፏል። ዙሪያውን ከቀረው ግድግዳ የነጣ ሰፊ አራት ማዕዘን ይታያል።

"እዚህ በፊት የማን ፎቶ ነበር?"

"የእኔ" አሉ አባ ንፋስ። "ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ዋሻ በሰዓቴና በአፍንጫዬ ነው ያስተነፈስኩት። ሞዴል የሚሉት ሳይመጣ።"

መርማሪዋ ያ መስኮት ትዝ አላት። ድምጿን ለዘብ አድርጋ "ዛሬ በምን መጡ፣ ጋሼ?" አለች።

"በእግሬ። አውቶቡሱማ በሰከንድ ሁለት ሜትር እንኳ አይሄድ!"

"በሰከንድ?"

"እኛ የአየር ሰዎች ሁሉን ነገር በሰከንድ ነው የምንቆጥር። የለመደብን ነው።"

መርማሪዋ ፊቷን ሳታዞር መሐንዲሷን ጠየቀች። "በሰከንድ አምስት ሜትር፣ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?"

"አሥራ ስምንት" አለች ልጅቷ ወዲያው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ሽማግሌው ዞረች። "ጋሼ?"

አባ ንፋስ ወንበሩ ላይ ኩምሽሽ አሉ።

"በአሥራ ስምንት ቢነሳ ትንሽ ነበር የሚዘገየው። ሾፌሮቹ ጭስ ሸተተን ይላሉ፣ አለቆቹ 'ኧረ አባ ንፋስን ጥሩልን!' ይላሉ ብዬ ነው። በሰከንድ አስቤ አምስት ብዬ ጻፍኩ። እጄ የለመደውን ጻፈ፣ ልጄ። ሰው ልገድል አልነበረም።"

"ጠራጊውስ?"

"ወዳጄ ነበር። በየጠዋቱ ይደውልልኝና 'ጨርቄ ዛሬ ወዲህ ዘመመች፣ ወዲያ ዘመመች' ይለኛል። ይሄ ሞዴል ከገባ ወዲህ የሚደውለው ለእሷ ነው። ለእሷ!"

"ዛሬ አልደወለልኝም" አለች ልጅቷ።

መርማሪዋ እጇን ዘረጋች። "ስልክዎን ይስጡኝ።"

ሁለት ሰዓት ከአምስት። ከሰባት። ከዘጠኝ። ከጠራጊው ሦስት ጊዜ ተደውሏል፤ አንዱም አልተነሳም።

"አይቼዋለሁ" አሉ አባ ንፋስ። "መንገድ ላይ ነበርኩ። 'ምን አደከመው፣ ለእሷ አይደውልም!' ብዬ ኪሴ ከተትኩት።"

የመርማሪዋ ስልክ ጮኸ። ባለመስኮቱ ባልደረባዋ ነበር፣ ከሆስፒታል። ወትሮ እሱ ሲደውል አምስቴ ሳይጠራ አታነሳም። ስልኩን ኪስ የከተቱትን የሽማግሌውን እጆች አየች። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው።

"አቤት... እውነት? ተመስገን! ምን አለ?"

ስልኩን ዘግታ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

"ነቅቷል። አየሩ ቆሟልና አባ ንፋስን ጥሩልኝ እያለ ነው።"

ሽማግሌው ለካቴናው እጃቸውን ራሳቸው ዘረጉ።