ፊት የሚነካ ብሩሽ

ከሊልን ያወቅኩት በብሩሽ ምክንያት ነው።

አቃቂ በሰቃ ውስጥ የቀለምና የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ነበረው። ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤት ከእናቱ ጋር ይኖራል። እኔ ደግሞ እዚያው ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ለፊልም ሠሪዎች ቁስልና እርጅና እሠራ ነበር። የተሰነጠቀ ግንባር፣ የተቃጠለ እጅ፣ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ጉንጭ። ፈሳሽ ሲሊኮን በጀሶ ቅርጽ ውስጥ አፈስሳለሁ፤ ሲረጋ ተዋናዩ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ከዚያ ሥጋ እስኪመስል ድረስ ቀለም እቀባዋለሁ። የምድር ባቡር ጡረተኛው አባቴ፣ «ዙፋን፣ ሰው ከቁስል ልዳን ብሎ ይጸልያል፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ትፈጥሪያለሽ» እያለ ይገረምብኝ ነበር።

ያን ቀን ተራ የግድግዳ ብሩሽ ፈልጌ ገባሁ። አንዱን አንስቼ ፀጉሩን በጣቶቼ ሳብ አደረግኩት። ሦስት አራት ክር ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። መለስኩት። ሁለተኛውን ክንዴ ላይ አሸት አድርጌ መለስኩት። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ከባንኮኒው ኋላ የቆመው ረጅም ልጅ አላስቻለውም።

«እህት፣ የምትገዢው ብሩሽ ነው እኮ፣ የበዓል በግ አይደለም።»

«ፀጉሩ የሚረግፍ ከሆነ ሥራዬን ያበላሽብኛል።»

«ምን ልትቀቢበት ነው? በር ነው ግድግዳ?»

«ቆዳ።»

ሳቀ። ስልኬን አውጥቼ የሥራዎቼን ፎቶ ሳሳየው ግን ሳቁን ተወው። ሻካራውን ፀጉር በመቀስ እንደምቆራርጠውና በጫፉ ቀለም እየረጨሁ የቆዳን ነጠብጣብ እንደማስመስል ነገርኩት። የሰው ቆዳ አንድ ቀለም እንደሌለው፣ ከሥሩ ቀይም ሰማያዊም ቢጫም እንዳለበት አስረዳሁት። ፎቶዎቹን እንደገና ወደ ኋላ እየመለሰ አየ።

«አፍንጫስ ትሠሪያለሽ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለየትኛው ፊልም?»

«ለእናቴ።»

እናቱ እማማ ሰዓዳ ከሁለት ዓመት በፊት በዕጢ ምክንያት አፍንጫቸው በቀዶ ጥገና ተነሥቶ ነበር። ሱቁን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። የበሰቃ ግንበኛ ሁሉ በስማቸው ያውቃቸዋል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግን ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነው ከጓዳ አልወጡም። የገዛ ወንድማቸው ሲሞት እንኳ ለቅሶ አልሄዱም።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» አልኩት።

«አውቃለሁ። ሐኪሙ ቁስሉ ድኗል ብሏል። የቀረው ሰው ፊት መውጣት ነው።»

ሐኪሙን ራሴ ጠየቅኩት። በየቀኑ ወልቆ የሚታጠብ ከሆነ ችግር የለውም አለኝ። ከዚያ ሥራ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የተቸገርኩት በብሩሽ ነው። እኔ የለመድኩት ተዋናይ ላይ መሥራት ነው፤ ጤነኛ ቆዳ ብዙ ይችላል። የእማማ ሰዓዳ ጠባሳ ዙሪያ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነበር። ስለዚህ እኔና ከሊል ሳሪስ አንድ የሥዕል ዕቃ መሸጫ ሄድን።

«ልስላሴውን በምን ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«በዐይን ቆብ። ከፊት ሁሉ ስሱ ቆዳ እሱ ነው።»

«እንግዲያው የእኔ ላይ ሞክሪ።»

ዐይኖቹን ጨፈነ። የመጀመሪያውን ብሩሽ በዐይኑ ቆብ ላይ ቀስ አድርጌ አሳለፍኩት። ሽፋሽፍቱ ተርገበገበ። ሁለተኛውን ሞከርኩ፤ ሦስተኛውንም ሞከርኩ። አራተኛው ላይ ብሩሽ እየመረጥኩ እንዳልሆነ ገባኝ። ዐይኑን ሲገልጥ እሱም ገብቶት ነበር። ባለሱቁ «ትገዛላችሁ ወይስ ትጫወታላችሁ?» ባይለን ኖሮ እስከ መቼ እንደምንቆም እንጃ።

ከዚያ ወዲህ ሱቁን ለምሳ ሲዘጋ ወደ ክፍሌ እየመጣ ብሩሽ ማጠብ ጀመረ። በመጀመሪያው ቀን አጥቦ ሲያበቃ ሁሉንም ፀጉራቸውን ወደ ላይ አድርጎ ብርጭቆ ውስጥ አቆማቸው።

«ገደልካቸው!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ውሃው ወደ ታች ይወርድና ፀጉሩን የያዘው ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። ውስጥ ያለው ሙጫ ይለቅቃል፤ ከዚያ ፀጉሩ መርገፍ ነው። በጨርቅ ጨመቅ አድርገህ፣ ጫፉን በጣትህ አስተካክለህ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አጋድመው።»

«ወላሂ፣ ከሰው አስበልጠሽ ነው የምትንከባከቢያቸው።»

«የሚያርፉት ሰው ፊት ላይ ነው እኮ።»

ቶሎ ለመደ። የሙጫውን ብሩሽ ከቀለሙ ብሩሽ ጋር አያቀላቅልም። ፈሳሽ ጎማ ውስጥ የሚገባውን እንዳይጣበቅ አስቀድሞ ሳሙና ውስጥ ይነክረዋል። ሲሊኮን የረጋበት ብሩሽ እንደማይድን ስላወቀ ሥራ እንዳለቀ ወዲያው ይጠርጋል። የእናቱን ብሩሾች ደግሞ ሌላ ሰው ፊት ላይ እንዳያርፉ አረንጓዴ ክር አሰረባቸውና ለብቻቸው በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለላቸው። ሲሚንቶ ማውረድ የለመዱት ትልልቅ እጆቹ የብሩሽ ጫፍ ሲያስተካክሉ ማየት እወድ ነበር። ሥራ ይዤ አንገቴን ስደፋ ደግሞ እሱ እኔን እንደሚያይ አውቃለሁ። ቀና ስል ቶሎ ብሎ ወደ ሳሙናው ይመለስ ነበር።

አፍንጫው የተገጠመ ቀን እማማ ሰዓዳ መስተዋቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ተመለከቱ። ከዚያ መስተዋቱ ውስጥ ያለችውን ሴት፣ «ሰዓዳ፣ አለሽ እንዴ?» አሏት። ከሊል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እማማ ሻሻቸውን ከአገጫቸው በታች አስረው፣ በጓዳ በር አልፈው ሱቁ ውስጥ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ የገባው ግንበኛ፣ «እማማ፣ የት ጠፉ?» ብሎ ሚስማር ጠየቃቸው። ሌላ አላለም። ያን ቀን በዓለም ላይ ከእኔ የበለጠ ደስተኛ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ወሩ ሳያልቅ ከሊል ልንጋባ እንደሚገባ ነገረኝ። የጠየቀኝ አይመስልም ነበር፤ የታወቀ ነገር እንደሚናገር ሰው ነው ያለው። እኔም እሺ አልኩት።

ለእናቱ ነገራቸው። በማግሥቱ እማማ ሰዓዳ ብቻቸውን ወደ ክፍሌ መጡ።

«ልጄ፣ እጅሽን አላህ ይባርከው» አሉኝ። «ውለታሽን አልረሳም። ግን ትልቋ ልጄ ከዘመዱም ከሃይማኖቱም ውጪ አግብታ ሄደች። ፊቴ ሲቆረጥ እንኳ አልመጣችም። የቀረኝ እሱ ነው።»

«እኔ አልወስደውም፣ እማማ። እዚሁ ነን።»

«እሷም እንዲሁ ብላ ነበር።» አፍንጫቸውን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «አንቺ ልጄን ካገባሽ ይህን አውልቄ ወደ ጓዳዬ እመለሳለሁ። ልጄን በአፍንጫ ለውጣ ሰጠች አልባልም።»

ቁጣ አልነበረባቸውም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የሚሉትን እንደሚያደርጉት ፊታቸው ላይ አየሁ፤ ያን ፊት ከእኔ በላይ የሚያውቀው አልነበረም።

በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከሊል እንደ ልማዱ መጣ።

«ወረዳ ሄደን እንፈርም» አለኝ። «እናቴ ውሎ አድሮ ይበርድላታል።»

«አባቴ እምቢ ብሏል» አልኩት። ዋሸሁ። አባቴ ገና ምንም አልሰማም ነበር።

«ሽማግሌ እልካለሁ።»

«አትላክ። የአባቴን ፊት ማጣት አልፈልግም።»

«የእኔንስ?»

እጁ ላይ የነበረውን ብሩሽ ጨመቀ፤ ጫፉን አስተካከለ፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አጋደመው። የቀሩትንም አንድ በአንድ ጨረሰ። አንዱንም ሳያበላሽ ወጣ። እውነቱን ብነግረው ከእናቱ ጋር ይጣላል፤ ሴትዮዋ ደግሞ ወደ ጨለማቸው ይመለሳሉ። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ማታውን ቱሉ ዲምቱ ያለው ቤቴ እስክደርስ ድረስ ታክሲ ውስጥ ሻሼን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

በዓመቱ ከሊል ወራቤ ወርዶ የዘመድ ልጅ አገባ። ሱቅም እዚያው ከፈተ። የበሰቃውን እናቱ በዘመድ እያሠሩ ቀሩ።

ሲሊኮን ፀሐይና ላብ ሲነካው ቀለሙ ይለወጣል። ስለዚህ እማማ ሰዓዳ በየአራት ወሩ አዲስ ለማሠራት ይመጡ ነበር። ስለ ከሊል እኔ አልጠይቅም፣ እሳቸውም አያነሡም። ስለ ዝናቡና ስለ ሲሚንቶ መወደድ እናወራለን። ብሩሾቹን አሁን የማጥበው እኔው ነኝ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጠርዙን ለጥፌ ጨርሼ ጉንጫቸው ላይ ስስ የደም ሥር እየሣልኩ ሳለ እጄን ያዙኝ።

«ከሊል ትናንት ደውሎ፣ የዙፋን አባት ደህና ናቸው ወይ አለኝ። ቀስ ብዬ ጠየቅኩት። እምቢ ያለው አባትሽ ነው ብለሽዋል ለካ።»

ብሩሹን ወደ ሌላኛው እጄ አዛወርኩት።

«ለምን ስሜን አልጠራሽም? እኔ አይደለሁ ያጠፋሁት?»

«ጓዳ እንዳይመለሱብኝ ነዋ።»

ዐይናቸው ሞላ። «አሁኑኑ ደውዬ እነግረዋለሁ። ይወቅ።»

«አይንገሩት፣ እማማ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነቱ አሁን ምን ይሠራለታል? ለእሷስ?»

«አውፍ በይኝ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

«አያልቅሱ፤ እንባ ሙጫውን ያለቅቀዋል» አልኳቸው። እኔው ራሴ ግን ማልቀስ ጀምሬ ነበር። አቀፍኳቸው። ጠርዙ ተነሣ፤ አፍንጫው ተላቆ ጭናቸው ላይ ወደቀ። እማማ ሰዓዳ ለመሸፈን እጃቸውን አላነሡም። በዚያ በተገለጠ ፊታቸው ግንባሬን ሳሙኝ።

ከዚያ ፊታቸውን አጥቤ አደረቅኩት። ንጹሕ ብሩሽ አወጣሁ፤ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።