ቁልቁል የሚንሸራተት ድምፅ

አዛውንቱ ሙዚቀኛ በሥራ ክፍላቸው ወለል ላይ ተዘርረው ተገኙ፤ ጭንቅላታቸው የብረት መደርደሪያውን ጠርዝ መትቷል። መጀመሪያ ያየቻቸው ልጃቸው ናት፤ የተጠረጠረችውም እሷው። ሙዚቃቸው ረፋዱን ሙሉ ከፎቅ ሲሰማ ቆይቶ ሲያበቃ ከላይ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። አጎቷ ግቢ ውስጥ መኪና ያጥብ ነበር። የአባቷ ተማሪ ሙዚቃው እንደጀመረ ወጥቶ ማዶ ካፌ ሲቀመጥ ብዙ ሰው አይቶታል። ፖሊሶቹ ልጅቷን ሊወስዷት ተነሡ።

«ቀስ በሉ» አለች መርማሪዋ። ይህን ቃል ስለምታበዛ ባልደረቦቿም በስሟ አይጠሯትም፤ «ቀስ በሉ» ነው የሚሏት።

ግድግዳውን የሞላው ሲንተሳይዘር የተባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ ማዞሪያና ገመድ ብቻ ነው። ተማሪው አስረዳት፦ ማዞሪያው ሲዞር ቮልቴጅ ይወጣል፤ ድምፁን ከፍ በል፣ ዝቅ በል የሚለው ያ ቮልቴጅ ነው። አዛውንቱ በኮምፒውተር የሚቀዱት ድምፁን ሳይሆን ቮልቴጁን ነበር። መልሰው ሲለቁት መሣሪያው እጃቸው እንዳዘዘው ዳግመኛ ይጫወታል። መደርደሪያው ላይ አቧራ ያልነካው ባዶ ቦታ አየችና ምን እንደነበረበት ጠየቀችው። ቮልቴጁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባውና የሚመልሰው መቅጃ ነው፣ ሰሞኑን ለጥገና ሄዷል አላት።

«ዛሬስ እንዴት ተጫወቱ?»

«እንደ ወትሮው ነዋ። ረጅሙ ድምፅ እንደ ክር ቀጥ ብሎ» አለ ዓይኗን እያየ።

አጎትየውም እንደዚያው አለ፤ ግን ለጫማው ነበር የሚናገረው። ልጅቷም ደገመችው፤ አንገቷን እንደደፋች ቀረች። መርማሪዋ ይህ አልጣማትም። ሰው በሚኮራበት ነገር አያቀረቅርም።

ወደ ግቢው ተመልሳ አጎትየውን ለብቻው ያዘችው። ብዙ ካቅማማ በኋላ ተነፈሰ።

«ሙት ወቃሽ አያድርጉኝ። ድምፁ አልቆም አለው፤ እያንዳንዱ ቁልቁል ይንሸራተት ነበር። ወንድሜ አበቃለት ብዬ አፈርኩለት። ልጅቷም ከተዘጋው በሩ ውጭ ሆና ጮኸችበት፤ ቃሉን አልሰማሁም።»

ልጅቷ ግን ምን ብላ እንደጮኸች ከምትናገር መታሰሩን መረጠች።

መርማሪዋ ሦስቱንም ሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከተማሪው ቦርሳ የራሱን የድምፅ ካርድ፣ ከኮምፒውተር ድምፅ የሚያወጣውን ትንሽ ሣጥን፣ አስወጥታ ኮምፒውተሩን ከሲንተሳይዘሩ ጋር በሱ አገናኝቶ አንድ የቆየ ቅጂ እንዲለቅ አዘዘችው። ገመዱን ሰክቶ ለቀቀው። ረጅሙ ድምፅ ወጣ፤ ወዲያው ቁልቁል ተንሸራተተ። አጎትየው ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ማዞሪያ አንዴ ከተዞረ ባለበት ይቆማል» አለች መርማሪዋ። «ሰው ቢደክም፣ ቢያንቀላፋ እንኳ ድምፁ በራሱ አይወርድም። ዛሬ ግን ሁሉም ወረደ። ስለዚህ የተጫወተው እጅ ሳይሆን ቅጂ ነው። የአዛውንቱ መቅጃ የቆመ ቮልቴጅን አጽንቶ ይይዛል፤ እሱ ግን ጥገና ላይ ነው። ተራ ካርድ የቆመ ቮልቴጅ አያሳልፍም፤ ወደ ዜሮ ያወርደዋል። እዚህ ቤት ተራ ካርድ ያለው አንድ ሰው ነው፤ በግርግሩ መሃል ነቅሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። እነዚህ ሁለቱ ድምፁ ቀጥ ያለ ነበር ያሉኝ አፍረው ነው። አንተ ግን ዓይንህን በጨው ታጥበህ ያልከኝ፣ ለቀኸው ሄደህ ስላልሰማኸው ነው።»

ይሉኝታ ስንቱን እውነት ቀብሯል! ሁለቱ ሰዎች የሟቹን ክብር እንጠብቃለን ብለው ገዳዩን ሲጠብቁ ውለዋል።

ተማሪው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «ካርዱ እንደማይሆን አውቅ ነበር፤ በድንጋጤ ረሳሁት። የእጃቸውን ቅጂ በራሴ ስም ለውድድር ሰጥቼ ነበር፤ ዛሬ ደረሱበት። ምነው በሰደቡኝ። ‹ለምን አልጠየቅከኝም?› ነው ያሉኝ። ኀፍረቱን አልቻልኩትም፤ ገፈተርኳቸው።»

ከወሰዱት በኋላ ልጅቷ ግድግዳውን እንደተደገፈች ጠየቀች።

«ሙዚቃው ሲጀምር አባዬ አልፎ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ።»

«‹አባዬ፣ ይብቃህ፤ አታሳፍረን› ነው ያልኩት። ዝም ሲለኝ የተቀየመኝ መሰለኝ።»

«አልሰሙሽም» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ።

ልጅቷ አባቷ ትተውት የሄዱትን ማዞሪያ ነካች፤ ሳታዞረው እጇን መለሰች።

«እኔ ግን ያልኩትን ሰምቼዋለሁ» አለች።