ነፋስ የሚጠርገው በር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም.፤ የጀርመን ጦር ሲያፈገፍግ የኖርዌይን ሰሜን ጫፍ ፊንማርክን አቃጥሎ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሕዝቡም በተገለበጠ ጀልባና በዳስ ተጠልሎ ሁለት የበረዶ ወቅት አሳልፏል። በደቡቡ የሕንፃ ትምህርት ቤት ክቡር ፕሮፌሰር ግሮንዳል ሰሜኑን መልሰው የሚሠሩትን ወጣቶች፥ ቤት ከአየሩ ጋር እንዴት እንደሚስማማ ያስተምሩ ነበር። ሕጋቸው አጭር ነው፤ ቤት ጀርባውን ለነፋስ ይስጥ፤ በዚያ በኩል መስኮት አይኑረው፤ በሩ ከነፋሱ በተከለለው ወገን ሆኖ ወደ ውጭ ይከፈት። እኒህ ሊቅ ፊንማርክን የሚያውቋት ግን አንድ ጊዜ፥ በረዶ በሌለበት ሐምሌ፥ ሳልሞን ዓሣ ሊያጠምዱ ሄደው ብቻ ነው።

ከተማሪዎቹ የሰሜን ሰው ኤይለርት የተባለው የዓሣ አጥማጅ ልጅ ብቻ ነበር። የፈተና ንድፉ የገዛ እናቱ ቤት ነው፤ ፕሮፌሰሩ ካጸደቁት መንግሥት ሳንቃውን ይሰጣል፤ ካላጸደቁት እናቱ ወይዘሮ ኦሊና ሦስተኛውን በረዶ ጀልባ ሥር ትገፋለች።

«ክቡር ፕሮፌሰር፥ በእኛ አገር በር በተከለለው ወገን አይቆምም» አለ፤ «ነፋሱ የተሸከመውን በረዶ የሚያራግፈው እዚያ ነው። በር ነፋስ በሚጠርገው ጎን ይሆናል፤ የሚከፈተውም ወደ ውስጥ ነው።»

«ይህን ማን አስተማረህ?»

«እናቴ።»

«እንግዲያው ዲፕሎማውንም እሷው ትስጥህ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ የሚለውን እዚያ ማን ሰምቶት! ኤይለርት ለእናቱ ጻፈ፤ እሷም ደክሟት ነበርና፥ ጣራ ካገኘሁ በሩ የትም ይሁን ስትል መለሰችለት። በሩን አዛወረ፤ ንድፉም ጸደቀ።

ቤቱ በዚያው ዓመት በጋ ተሠራ። በጥር የበረዶ ውሽንፍር ሦስት ቀን ነፈሰ፤ በአራተኛው ጎረቤቶች ጣራ ያከለውን በረዶ ቆፍረው ገቡ። የምድጃው ጭስ ማውጫ ተደፍኗል። ወይዘሮ ኦሊና በሩ ሥር ተቀምጣ ሞታለች፤ በሩን ብትገፋው እንቢ ቢላት፥ በዳቦ ቢላዋ የሳንቃውን ግማሽ ፍቃ ነበር።

ኤይለርት ከቀብር ሲመለስ ፕሮፌሰሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፥ አላወቅሁም አሉት። በእውነትም አልቅሰዋል።

«እርስዎ አላወቁም» አለ ኤይለርት። «እኔ ግን አውቅ ነበር።»

ዳግመኛ እርሳስ አልጨበጠም፤ ወደ ዓሣ ጀልባ ተመለሰ። ፕሮፌሰሩ በሩን ነፋስ በሚጠርገው ጎን ማድረግን ሃያ ዓመት አስተማሩ፤ የሰሜንን ቤት ያቀኑ ሊቅ ተብለውም በታሪክ ተጻፉ፤ ማን እንደ ነገራቸው ግን አልተጻፈም። ስለ ወይዘሮ ኦሊና የደብሩ መዝገብ «በጭስ ታፍና ሞተች» ይላል፤ ማን ምን ያውቅ እንደ ነበር መዝገብ አይጠይቅም።